አይቼልሻለሁ

በሰፈሩ ሰው ሲሞት መጀመሪያ የሚጠራው ቄስ አይደለም፤ ጋሽ ኃይለሚካኤል ናቸው። ቄሱም ይመጣሉ፣ ጡሩምባውም ይነፋል፣ ድንኳኑም ይተከላል፤ ሬሳውን አጥበው የሚገንዙት ግን እሳቸው ናቸው። የእድር ዳኛ ከመሆናቸው በፊትም ይህ ሥራ የእሳቸው ነበር። እጃቸው ለስላሳ ነው ይባላል። ማን እንዳለ አይታወቅም፤ መቼም ከታጠቡት አንዱ ተመልሶ አልመሰከረላቸውም።

በዛወርቅ እንዲህ ያለ ቀልድ በፊቷ አታስቀልድም ነበር። አባቷ ማንኪራ ጫካ ውስጥ ቀፎ ሊሰቅል ከወጣበት ዛፍ ወድቆ ሲሞት፣ ያን የጭቃ መንገድ በእግራቸው ሄደው የገነዙት ጋሽ ኃይለሚካኤል ናቸው። እናቷ ብዙ ሳትቆይ ስትከተለውም እሷንና ገና ዳዴ የሚለውን ወንድሟን ነቢዩን ቦንጋ አምጥተው ጓሯቸው ባለች ክፍል አስቀመጧቸው። ገበያ ውስጥ ማርና ኮረሪማ የምትሸጥበትን ቦታ ያገኙላት እሳቸው፣ ስትዳር በአባትነት የቆሙላት እሳቸው፣ ባሏ ጥሏት ሲሄድ ያለበት ድረስ ሄደው ልክ ልኩን የነገሩት እሳቸው። ጋሽዬ ትላቸዋለች። ከእሳቸው ሌላ የእኔ የምትለው ሰው ነቢዩ ብቻ ነበር።

ነቢዩ ባጃጅ ይነዳ ነበር። በጥምቀት ሰሞን አንድ ከሰዓት በኋላ ተራ ይዞ ቆሞ ሳለ፣ የታችኛው ገበያ ፖሊስ ጣቢያ ባልደረቦች መጥተው ውሰደን ይሉታል። «ተራዬ ገና ነው፤ ከፊቴ ያለው ይውሰዳችሁ» ይላል። ነቢዩ እንዲህ ነው፣ ተራ ከሆነ ተራ ነው፤ ለእህቱም ቢሆን አያዛባም። አንዱ በጥፊ አለው። ነቢዩም እጁን ያዘው እንጂ አልመለሰለትም። ያቺ እጅ መያዝ በቃች፤ «ፖሊስ ላይ እጅህን ታነሳለህ» ተብሎ በገዛ ባጃጁ ተጭኖ ተወሰደ። ይህን ሁሉ ያየው የተራ ጓደኛው ቢሻው ነው፤ እየሮጠ ገበያ ድረስ መጥቶ የነገራትም እሱ ነው።

በዛወርቅ እቃዋን ለጎረቤት ጥላ ቤት ገባች። ቆጮና ጎመን በክዳን ሳህን ይዛ ጀምበር ሳትጠልቅ ጣቢያው በር ላይ ደረሰች። ዘበኛው ሳህኑን ተቀበላት።

«ልየው» አለች።

«ተኝቷል። ምግቡን እንሰጠዋለን። ነገ ይፈታል፣ ሂጂ።»

ሄደች። ምን ታድርግ፣ ነገ ይፈታል ተባለች። በማግስቱ ጠዋት የጣቢያው ፒካፕ ደጇ ላይ ቆመና ነቢዩን በብርድ ልብስ ጠቅልለው አወረዱት። ሌሊት ድንገት አመመው፣ ሆስፒታል ልናደርሰው ስንል መንገድ ላይ አረፈ አሏት። ሳህኗንም ይዘውላት መጥተው ነበር። ታጥቧል።

ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ እንደተለመደው ሆነ፤ ይኸው መለመዱ ነው ጉዱ። ሐኪም ይየው፣ ይመርመር የሚል አንድ ሰው አልተነሳም። የኛ ሰው ለቀብር ሲሆን ቅልጥፍናው አይጣል ነው፤ ሬሳ ቤት ማሳደር ነውር ይመስለዋል። ጡሩምባው ተነፋ፣ ድንኳኑ ተተከለ፣ ሳጥኑ መጣ። ጋሽ ኃይለሚካኤልም እጅጌያቸውን ሰብስበው ወደ ጓዳ ሲገቡ በዛወርቅ በሩ ላይ ደረሰችባቸው።

«ልየው ጋሽዬ። ፊቱን ብቻ።»

እሳቸው ማባበል ሲፈልጉ አማርኛውን ትተው በካፊኖኖ ነው የሚናገሩት። በካፊኖኖ ነገሯት፤ «አታዪውም ልጄ። ዓይንሽ ላይ በሕይወት እንዳለ ይቅር። እኔ አይቼልሻለሁ።» ትከሻዋን ይዘው ወደ ሴቶቹ መለሷትና በሩን ዘጉ። እሷም እሺ አለች። በሕይወቷ ሙሉ እሳቸውን እሺ ስትል ነው የኖረችው።

ጥቂት ቆይተው በሩን ገርበብ አደረጉና አንገታቸውን አወጡ። አቡጀዴው አልበቃም፣ ሌላ ነጭ ነገር አለሽ ወይ አሏት። በዛወርቅ ትከሻዋ ላይ የነበረውን ነጠላ አውልቃ ሰጠቻቸው። አረንጓዴ ጥለት ያለው፣ ነቢዩ ራሱ ለጥምቀት የገዛላት ነጠላ ነው። ለምን እንደፈለጉት አልጠየቀችም። ሲወጡ ሳጥኑ ተዘግቶ ነበር፤ ከሰዓት በኋላ ተቀበረ።

በለቅሶው መካከል የጣቢያው አዛዥ ኢንስፔክተር ሰብሃት ከነባልደረቦቻቸው መጡ። ለቅሶ ደራሽ አይመለስምና በዛወርቅ ተነስታ ውኃ አመጣች፤ አስታጠበቻቸው፤ ንፍሮም ቀረበላቸው። ውኃው ጫማቸው ላይ ፈሰሰ። ኢንስፔክተሩም «አይዞሽ እህቴ» አሏት። ጋሽ ኃይለሚካኤል በዚያን ቀን ከእሳቸው ርቀው፣ ፊታቸውን አዙረው ነበር የተቀመጡት። ይህን በደንብ ታስታውሳለች።

በሠልስቱ ሰው ሲቀልል ጋሽ ኃይለሚካኤል ወደ ጓሮ ጠሯት። ዕንባቸው ጢማቸው ላይ ይወርድ ነበር።

«ልጄ፣ በሽታ አይደለም። ጭንቅላቱን ነው የመቱት፤ ከኋላው ተከፍቷል። በእነዚህ እጆቼ ዳስሼዋለሁ። ክሰሻቸው። የትም ጠርተው ቢጠይቁኝ እናገራለሁ፣ ማንንም አልፈራም።»

ከሰሰች። ጋሽዬ ከኋላዋ ካሉ ማን ያስፈራታል? ፖሊስን ለመክሰስ መጀመሪያ የላኳት ፖሊስ ጋ ነበር፤ ይህን ሲነግሯት አንዳቸውም አልሳቁም። ከአንዱ ቢሮ ወደ ሌላው፣ ከአንዱ «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው» ወደ ሌላው ስትመላለስ ከረመች። በመጨረሻ አንድ ደግ ጸሐፊ፣ ሰው በፖሊስ እጅ ሲሞት ጉዳዩ ለገለልተኛ አጣሪ ክፍል መመራት እንዳለበት፣ ጣቢያው ራሱ በዚያኑ ቀን ሊያሳውቅ ይገባው እንደነበር ነገረቻት። ጣቢያው አላሳወቀም። ጸሐፊዋ አመለከተችላት። «ኬዝሽ ሪፈር ተደርጓል» የሚለው መልስ የመጣ ዕለት በዛወርቅ ቃሉ ባይገባትም ቤተ ክርስቲያን ሄዳ ጧፍ አበራች።

ይህ ሁሉ ሲሆን ጋሽ ኃይለሚካኤል ሌላ ሥራ አገኙ። የሰፈሩ የሰላም ኮሚቴ ሰብሳቢ ተደረጉ። ኢንስፔክተር ሰብሃት በስብሰባው ሁሉ «አባታችን» እያሉ ከጎናቸው ያስቀምጧቸዋል፤ ሲጨርሱም በፒካፑ ጋቢና ቤታቸው ያደርሷቸዋል። ስንት ዘመን የሰውን ሬሳ ያጠቡ ሽማግሌ፣ በሕይወት ያለ ባለሥልጣን ሲነሳላቸው ደስ አላቸው። ይህን መካድ አይቻልም፤ አረማመዳቸው እንኳ ተለወጠ። ጎረቤቶች ለበዛወርቅ ሲያንሾካሹኩላት ተቆጣች። «ጋሽዬን አታውቋቸውም» አለች። ቢሻው በድንገት ባጃጁን ይዞ ቢታ ገነት ሊሠራ ሲሄድና ስልኳን ማንሳት ሲያቆም እንኳ፣ እሱ ልጅ ነው ፈርቶ ነው ብላ ተወችው። ጋሽዬ አሉ።

ከአጣሪ ክፍል የመጣችው መርማሪ ትሁት የምትባል ወጣት ሴት ናት። ምስክር የምትሰማው በቀበሌው አዳራሽ ነበር። የጋሽ ኃይለሚካኤል ተራ ሲደርስ በዛወርቅን ውጪ እንድትጠብቅ ነገረቻት፤ እሳቸው ግን እጃቸውን አወናጨፉ።

«ልጄ ናት፣ ትቀመጥ። ከእሷ የምደብቀው ነገር የለም።»

በዛወርቅ ተቀመጠች። እንዲያውም ደስ ብሏት ነው የተቀመጠችው።

«ሬሳውን ያጠቡት እርስዎ ነዎት?» አለች ትሁት።

«እኔ ነኝ።»

«ምን አዩ?»

ጋሽ ኃይለሚካኤል ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አስተካከሉ። «እኔ የገነዝኩትን ሰው ገላ አደባባይ አላወጣም። ዕድሜዬን በሙሉ እንዲህ ነው የሠራሁት።»

«ሕግ ነው የጠየቀዎት አባቴ። ቁስል ነበረው ወይስ አልነበረውም?»

«ገላው ንጹሕ ነበር።»

በዛወርቅ ነገሩ ወዲያው አልገባትም። ሌላ ሰው የገነዙትን እየተናገሩ መሰላት።

«ጭንቅላቱ ላይ?»

«ምንም አላየሁም። ደግሞስ ይኼ ነገር ምን ያደርጋል? ቤተሰቡ እኮ ታርቋል። ኢንስፔክተሩ ለቅሶ መጥተዋል፤ እሷም በእጇ አስታጥባቸዋለች፣ አብልታቸዋለች። በኛ አገር ከዚህ ወዲያ ምን እርቅ አለ? እሷ ሐዘኑ ስላለባት ነው እንጂ እኔ በአባትነቴ ታርቄላታለሁ።»

አዩላት፤ ታረቁላት። በዛወርቅ ከወንበሯ ተነሳች። ፖሊሶቹ ነቢዩን ሲያወርዱት እንኳ እንዲህ አልመረራትም፤ እነሱ ባዳ ናቸው።

«ጋሽዬ፣ በሠልስቱ ጓሮ ጠርተው ምን ነበር ያሉኝ?»

«ሰው ሐዘን ላይ ሲሆን ያልተባለ ይሰማል፣ ልጄ።» ይህን በካፊኖኖ ነው ያሏት። በዚያው በማባበያ ድምፃቸው።

«ነጠላዬንስ ለምን ወሰዱት?»

«ለክብሩ ነው። አጥፌ ትራስ አደረግኩለት።»

ውጪ፣ ትሁት ከበዛወርቅ ጋር ግድግዳው ጥግ ቆመች። ፊቷ ላይ ሐፍረት ነበር፤ ሐፍረት ግን ፋይል አያስከፍትም። የሐኪም ማስረጃ የለም፣ ያየ ሰው የለም፣ ሬሳውን ያጠበው ንጹሕ ነበር ብሏል። በዚህ ሁኔታ ጉዳዩ በውስጥ አሠራር እንዲጣራ ለፖሊስ ይመለሳል አለቻት።

«ለየትኛው ፖሊስ?»

ትሁት መሬት መሬት አየች። «ለጣቢያው።»

«ለገደሉት?»

«ሌላ ማስረጃ ካላመጣሽ... አዝናለሁ። እጄ ላይ ያለው የአንቺ ቃልና የእሳቸው ቃል ነው። ሁሉም ደግሞ እሳቸውን ያከብራል።»

በዛወርቅ ወደ ገበያ አልተመለሰችም። ዝም ብላ በመንገዱ ቁልቁል ወረደች፣ ባጃጆቹ ክላክስ እየነፉላት አለፉ። የምታስበው ስለ ፖሊሶቹ አልነበረም። ያቺን በር ነው የምታስበው። ገፍታ መግባት ትችል ነበር፤ ፊቱን ማየት ትችል ነበር። ወንድሟን ለማየት የሰው ዓይን ተበደረች፣ ባለ ዓይኑም አላየሁም አለ። አሁን በዚህ ዓለም ላይ የነቢዩን ቁስል ያየ ሰው የለም ማለት ነው? ምነው ነጠላዋን እንኳ... እዚህ ላይ ቆመች። ለትራስ? ጋሽ ኃይለሚካኤል የአባቷን ራስ ያስደገፉት በሣር ነው። የጎረቤቶቿንም ሁሉ በሣር ነው። ለማንም በነጠላ ትራስ ሠርተው አያውቁም። ነጠላዋ ደግሞ የትም አልሄደም፤ ከነቢዩ ጋር ታች ነው ያለው።

ዞራ እየሮጠች ተመለሰች። ትሁት መኪና ልትገባ ስትል ደረሰችባት።

«ይቆፈር» አለቻት።

ቤተሰብ ሲጠይቅና ፍርድ ቤት ሲፈቅድ ሐኪም ባለበት መቃብር ይከፈታል። ሕጉ ይኼው ነው፤ ሰፈሩ ግን ሌላ ሕግ ነበረው። ወሬው በተሰማ በማግስቱ ጋሽ ኃይለሚካኤል ሽማግሌዎች አስከትለው ቤቷ መጡ። ቁጭ አሉ፣ ውኃ እንኳ አልጠጣም አሉ።

«ልጄ፣ አስቢበት። የባጃጅ ልጆቹ እንዴት እንደተቆጡ አታውቂም። ይኼ ነገር ከተነሳ ነገ ጣቢያው ይቃጠላል፣ ከነገ ወዲያ የስንት እናት ልጅ ይታሰራል። የሞተው አንዴ ሞቷል። እኔ የሰፈሩን ሰላም ነው የምጠብቀው።»

«ስለዚህ አይተዋል።»

«እኔ እንዲያ አልወጣኝም።»

«አይተዋል ጋሽዬ። ስለ ሰላም ብለው ነው የዋሹት። ይንገሩኝና ልወቀው፤ እዚሁ በእነዚህ ሰዎች ፊት።»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ጋሽ ኃይለሚካኤል ፊታቸው ጠቆረ፤ ከወንበሩም ተነሱ። «የተቀበረን ሰው ያስቆፈረ ከእድሩ ይወጣል። ያን ጊዜ ማን እንደሚቀብርሽ አያለሁ» አሉና ወጡ። እጁ ለስላሳ የተባለ ሰው ነው ይህን ያላት። በዛወርቅ በሩን ዘግታ ጮኻ አለቀሰች። የአባቷን ሞት፣ የነቢዩን ሞት፣ የእሳቸውንም ሞት አንድ ላይ ነው ያለቀሰችው።

መቃብሩ የተከፈተው በሁዳዴ ጾም መካከል፣ ጥርት ባለ ጠዋት ነው። የእድሩ ሰዎች አካፋና ዶማ አናበድርም ስላሉ የባጃጅ ልጆች ከየቤታቸው አምጥተው እነሱው ቆፈሩ። ጣቢያ አላቃጠሉም፤ ድምፅም አላሰሙም። ቢሻው ከመካከላቸው አልነበረም። ትሁት ከሐኪሙ ጎን ቆማለች። ፒካፑም መጣና ኢንስፔክተር ሰብሃት ወረዱ፤ ከዚያም ከጋቢናው ጋሽ ኃይለሚካኤል ወረዱ። የሰላም ኮሚቴውን ወክለው ነው የመጡት። በዛወርቅ ከየትኛው መኪና እንደወረዱ አየች፤ አለመገረሟ ነው የገረማት።

ሳጥኑ ወጥቶ ሐኪሙ ክዳኑን ሊያነሳ ሲያጎነብስ ጋሽ ኃይለሚካኤል ጠጋ ብለው ትከሻዋን ያዙ።

«ዞር በዪ ልጄ። ይኼ ላንቺ አይሆንም። እኔ አይልሻለሁ።»

እጃቸውን ከትከሻዋ ላይ አነሳችው። «የዛሬውን ራሴ ነኝ የማየው።»

አየችም። አቡጀዴው ወይቦ፣ እርጥበት ጠጥቶ ነበር። ሐኪሙ ከራስጌው በኩል ቀስ እያለ ሲፈታው ከሥሩ የእሷ ነጠላ ብቅ አለ። የታጠፈ ትራስ አልነበረም። ራሱን ዙሪያውን ተጠምጥሞ፣ የማር እንስራ አፍ እንደሚታሰር አገጩ ሥር ጥብቅ ተደርጎ ታስሯል። ከፊት በኩል አረንጓዴው ጥለት ይለያል። ከኋላ በኩል ግን ጨርቁ ጠቁሮ፣ ደርቆ፣ ተገትሯል።

ሐኪሙ ቀና አለ። «ይህ ጨርቅ የማን ነው?»

«የእኔ ነው» አለች በዛወርቅ።

«ማነው ያሰረው?»

ልጆቹ አካፋቸውን ተደግፈው ቆሙ። ኢንስፔክተር ሰብሃት ስልካቸውን ያያሉ። ሁሉም የሚያውቀውን ሰው ማንም አልጠቆመውም፤ አስፈላጊም አልነበረም። ጋሽ ኃይለሚካኤል በዓይኖች ሁሉ መካከል ቆመው ባርኔጣቸውን አወለቁ። ያልጠበቁት ነገር ሆኖባቸው ነበር፤ ሰው ሁሉ እንዲህ ሲያያቸው አልለመዱም። በዛወርቅን ብቻ እያዩ፣ በማባበያው ድምፅ፣ ሁሉም ይስማ ብለው ይሁን ተደናግጠው አይታወቅም፣ በአማርኛ ተናገሩ።

«ልጄ፣ ለክፋት መሰለሽ? ባጥበው ባጥበው ደሙ እምቢ ሲለኝ... አንቺ እንዳታዪው ብዬ እኮ ነው ያሰርኩት።»

ትሁት ብዕሯን አነሳች። «ምኑን እንዳታየው ነው፣ ጋሽ ኃይለሚካኤል?»

ያን ጊዜ ነው የተናገሩት ለራሳቸው የገባቸው። ወደ ኢንስፔክተሩ ዞሩ። ኢንስፔክተር ሰብሃት ግን ወደ ፒካፑ እየሄዱ ነበር፤ ገቡ፣ በሩ ተዘጋ፣ ሞተሩም ተነሳ። አባታችን ያሏቸውን ሰው ለመጫን አልጠበቁም። መኪናው በአቧራ ቁልቁል ሲወርድ ጋሽ ኃይለሚካኤል እስከ መታጠፊያው ድረስ በዓይናቸው ተከተሉት። ከዚያ ዕድሜ ልካቸውን ልጄ ወዳሏት ሴት ተመለሱ፤ እንደምታድናቸው ሁሉ።

«ለመርማሪዋ ይንገሯት ጋሽዬ» አለች በዛወርቅ። «እኔ እንደሆነ አይቼዋለሁ።»